ጋሼ ይመርና የወንዙ ዳር መጋዘን

ጋሼ ይመር ሞቱ የሚለው ወሬ የተሰማ ቀን፣ በሜልበርን፣ በዌስት ፉትስክሬይና በአካባቢው ያለ ሐበሻ መጀመሪያ ያደረገው ማልቀስ ሳይሆን ማጣራት ነው። «አንቺ ከማን ሰማሽ? እሷስ ማን ነገራት? ደግሞ ምን አስበው ይሆን?» እየተባባለ ስልክ ሲደዋወል ዋለ። እኔም አላለቀስኩም። ሥራ ቦታ ሻይ እየጠጣሁ ሰማሁ፣ ሻዬን ጨረስኩ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጨካኝ ናት እንዳትሉኝ። ጋሼ ይመርን የሚያውቅ ሰው የእሳቸውን ሞት በአንድ ስልክ አያምንም። እንዲህ ያደረጉን ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ሰውየው ጠርጣራ ነበሩ። ጠርጣራ ስል በር ቆልፎ፣ ተመልሶ እጀታውን የሚሞክር ዓይነት ሰው ማለቴ አይደለም፤ እሱማ እኔም ነኝ። ጋሼ ይመር በሜልበርን ሰማይ ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ልታመጣብን ነው?» ብለው ጃንጥላቸውን የሚያነሱ ሰው ነበሩ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ለጨዋታ ይለዋል። እሳቸው ግን ገንፎ ሲቀርብላቸው እውነትም በማንኪያ ፈትሸው ነበር የሚበሉት።

ትውልዳቸው ወሎ ነው፤ አድገው ለሥራ የደረሱት ግን አሰብ ወደብ ላይ ነው። እዚያ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ያ ሥራ አንድ ነገር አስተምሯቸዋል፤ ጆንያ የሚቀደደው ከሥሩ ነው። አፉ እንደተሰፋ፣ ላዩ ሳይነካ፣ ስኳሩ ከታች አልቆ ይገኛል። ስለዚህ የማንኛውንም ነገር ፊት አያምኑም። ስጦታ ስትሰጧቸው ገልብጠው ሥሩን ያያሉ። ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጎንበስ ብለው እግሩን ይነቀንቃሉ። ሰው ሲያገኙ ደግሞ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ጫማው ላይ ነው። «ፊቱንማ ማንም ታጥቦ ይመጣል» ይሉ ነበር፣ «የት እንደዋለ የሚናገረው ጫማው ነው።» አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ እሑድ እንኳ ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ነበሩ።

የሚጠብቁት መጋዘን ወንዙ ወደቡ ጋ ሳይደርስ ሰፋ በሚልበት ቦታ ላይ የቆመ ቀይ የጡብ ፎቅ ነው። ከመስኮቱ ሲታይ ባሻገር የወደቡ ክሬኖች ተደርድረዋል። ቤቱ ሲሠራ የበግ ፀጉር ማከማቻ ነበር። ወለሉ የስንት ዘመን የበግ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሙቀት በበረታ ቀን ዛሬም በግ በግ ይሸታል። ከበግ ፀጉሩ በኋላ በጦርነት ጊዜ የወታደር ስንቅ ተከማችቶበታል፤ ከዚያ ሻይ ቅጠል፣ ከዚያ ደግሞ ከእስያ በኮንቴይነር የሚመጣ ሶፋና አልጋ። ጋሼ ይመር የደረሱት በሶፋው ዘመን ነው። ሶፋ አስመጪው ከስሮ ሲወጣ ዕቃው ሁሉ ተጫነ፣ እሳቸው ቀሩ። ባለቤቱም በዘበኝነት አቆያቸው። ባዶ ቤት መጠበቅ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ምድር ቤቱን ለእድራችን በትንሽ ኪራይ እንዲሰጠን ባለቤቱን ለምነው አሳመኑት። ምን ፈልገው ነው ብለን ያኔም ጠርጥረናል።

እድሩ ቤት የሚያስፈልገው ለለቅሶ ነው። ሜድስቶን ሰፈር ውስጥ ባለ ኪራይ ቤት ለቅሶ መቀመጥ ጣጣ ነው። ያ ሁሉ ሰው የት ይገባል? መኪናው መንገድ ይዘጋል፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ የቤቱ ኤጀንት በማግስቱ ይደውላል። መጋዘኑ ሲገኝ ሐዘናችን ሁሉ እዚያ ገባ። መርዶም አብሮ ገባ። እኛ ዘንድ የእናት የአባት ሞት በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ወዳጅ ከብቦ ነው የሚረዳው። እዚህ ደግሞ ሰውየውን «ዕቃ እናንሳ»፣ «አንድ ጉዳይ አለ» ብሎ በሰበብ ወደ መጋዘኑ ማምጣት ልማድ ሆነ። ሲገባ ሁሉም ጥቁር ለብሶ ቆሟል። ስለዚህ በማለዳ ያለ ምክንያት ወደ መጋዘኑ ና የተባለ ሰው ገና ስልኩን ሳይዘጋ ጥቁር ልብሱን ይፈልጋል።

ጋሼ ይመርን መጀመሪያ ያየኋቸው እዚያው በር ላይ ነው። ባለቤቴን ዮናስን ተከትዬ በመጣሁበት ዓመት የአንዲት የማላውቃት ሴት እናት ሞቱና ለቅሶ ሄድኩ። ሽማግሌው በሩን ሞልተው ቆመዋል።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

«ለእኔ አይደለም። ለለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«ሐዘንተኛዋን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

ጫማዬን አዩ። «ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ለንፍሮው ነው?»

ደሜ ፈላ። «ነገ ለእኔም ሰው እንዲመጣልኝ ነው!» አልኳቸው ሳላስበው።

ከበሩ ዘወር አሉ። «ግቢ» አሉኝ። «ዛሬ ከገባው ሰው ሁሉ እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። አላምናቸውም ግን። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ራሱ ምን ደብቆ ነው የሚለው ነገር ከልቤ አይወጣም ነበር።

አንድ ጊዜ ቤቱ ታሪካዊ ነው ተብሎ ግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተለጠፈ። የእድሩ ሰው ደስ ብሎት ፎቶ ተነሣ። ጋሼ ይመር ብቻ ራቅ ብለው ቆመው ሰሌዳውን እንደ ክፉ እንግዳ ያዩት ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ቤታችንን አከበሩልን እኮ» አልኳቸው።

«ስምና ታሪክ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው መቼ ነው? ከሞቱ በኋላ አይደል? ይሄን ቤት ሊቀብሩት ነው» አሉ። ሳቅንባቸው።

ብዙም ሳይቆይ ግሬግ የሚባል የባለቤቱ ወኪል መመላለስ ጀመረ። ሳቂታ ነው፣ ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ጋሼ ይመርን ትከሻቸውን ይዞ ነው የሚያወራቸው። የሚመጣው ግን ሁልጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት ነው። ወንበሮቹን ወደ ጓዳ አስገብተው ወለሉን እንዲያፀዱለት ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ያስገባሉ፣ ከዚያ ባዶውን አዳራሽ ፎቶ ያነሳዋል። ይህን ያየ ሰው ለእድሩ ነገረ። ሌላው ደግሞ ሁለቱን ሳንድዊች ሲካፈሉ አየሁ አለ። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሜድስቶን ደርሶ ተመለሰ።

የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ አልማዝ ናቸው። ፉትስክሬይ የቅመም ሱቅ አላቸው፤ በርበሬያቸውንም እሳቸውንም ሰው በጥንቃቄ ነው የሚቀርባቸው። ጋሼ ይመርን ለኮሚቴው አስጠሯቸው። እኔም አባል ስለነበርኩ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ ይመር፣ ከዚያ ፈረንጅ ጋር ምንድን ነው የሚነጋገሩት?»

«ስለ ቤቱ ነዋ። ፎቁን አፓርትመንት፣ ምድር ቤቱን ጂምና ካፌ ሊያደርጉት ነው። ፈቃድ የሚሰጡት የካውንስል ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ለኢንስፔክሽን ይመጣሉ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም ሊሏቸው ነው።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

ጋሼ ይመር የሁላችንንም ጫማ በየተራ ተመለከቱ። «እሱን አልነግራችሁም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ከመሀላችሁ ለግሬግ የሚሹክለት አይጠፋም። ሰው ልታመጡ ነው ከተባለ ቀኑን ይለውጠዋል።»

እትዬ አልማዝ በንዴት ቀሉ። «የሚሹክለት አንቱ እንዳይሆኑ! ወንበሩን እየሰበሰቡ ባዶ ቤት የሚያሳዩት ማን ሆነና?»

«እኔ ነኝ። ባልሰበስብለት ምን እንዳሰበ በምን አውቅ ነበር?»

«ቀኑን ይንገሩንና ለሰው ቴክስት እናድርግ» አልኩ እኔ ለማብረድ።

«ቴክስት!» ብለው ሳቁብኝ። «ግማሹ ከናይት ሺፍት ወጥቶ ተኝቷል፣ ግማሹ ልጁን ኳስ ጨዋታ ይዞ ሄዷል። ሐበሻን ለስብሰባ በሦስት ሰዓት ብትይው አምስት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነኝ ይልሻል።» ተነሥተው ወጡ።

እትዬ አልማዝ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው፣ «ይሄ ሰውዬ ሸጦናል» አሉ። የተቃወመ አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ያስተማሩን ራሳቸው አይደሉ?

ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ይመር ናቸው።

«ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጋዘኑ ነይ።»

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«ነይ ብቻ። ለማንም እንዳትናገሪ።» ዘጉት።

ወዲያው አዳማ ደወልኩ፤ እናቴ አነሳች። ደህና ናት። «አባዬስ?» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» አለች። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ማለቷ ራሱ አጠራጠረኝ። እሷ ደግሞ በእኔ ድምፅ ደነገጠች። «አንቺ፣ ምን ሆናችኋል? ዮናስ ደህና ነው? ስጪው እስቲ፣ ድምፁን ልስማ።» ዮናስ ስልኩን ተቀብሎ «ደህና ነኝ» ሲላት ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በኋላ እንደተረዳሁት ለእሱም ተደውሎለት ኖሯል፤ የእኔ አባት ሞተው፣ እኔን ይዞ እንዲመጣ የተጠራ መስሎታል። እኔ ደግሞ የፊቱን መለወጥ አይቼ የሱ እናት ናት አልኩና ጥቁር ሸሚዙን ስተኩስ አመሸሁ። በጠዋት ሻይ አፍልቶ አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። በትዳራችን እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ያኔ አለቀልኝ፤ አባቴ ነው አልኩ። እየተዛዘንን፣ አንድም ቃል ሳንነጋገር ነጠላዬን ዘቅዝቄ መኪና ውስጥ ገባን።

መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ማቆሚያ አልነበረም። ለማንም አትናገሩ የተባለው ሁሉ ለወዳጁ ነግሯል። ሰው በሌሊት ልብሱ ላይ ጥቁር ደርቦ ሁሉ መጥቷል። ከካርልተን በመጀመሪያው ትራም የመጡ አሉ፤ ከናይት ሺፍት ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የመጡ አሉ። ሁሉም ሌላውን በርኅራኄ ያያል፤ ሁሉም አንድ ሰው መጥቶ ክንዱን እስኪይዘው ይጠብቃል። የሐዘንተኛው ቦታ ግድግዳው ሥር ባዶውን ነው። አንዷ እያቀፈች ልታጽናናኝ ስትል እኔም እያቀፍኩ አጽናናኋት።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ፈነዳች። እናቷ የሞቱት በኮሮና ምክንያት ድንበር በተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ አልቀበረቻቸውም፣ ለቅሶም ሰው በቅጡ አልመጣላትም። «እማዬ!» ስትል ቤቱ ሁሉ አብሯት ወረደ። ማን ለማን እንደሚያለቅስ የጠየቀ የለም። እዚህ አገር ያለን ሁላችን ሳንቀብር የቀረነው ሰው አለን። እኔ አክስቴን አለቀስኳት፤ ካለቀስኩ በኋላም ቀለለኝ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ግሬግ ነው፣ ሁለት የካውንስል ሰዎች አስከትሎ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጋሼ ይመር ሰደርያቸውን እንደለበሱ ሦስት ወንበር አምጥተው፣ እግሩን ነቅንቀው አስቀመጧቸው። ሻይም ሰጧቸው። ከካውንስሉ የመጣችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሁሉም» አሏት ጋሼ ይመር በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። ብዙ ቆዩ። ግሬግ ብቻ ሻዩን ሳይጠጣ ወለል ወለሉን ያይ ነበር።

እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ አልማዝ ተነሥተው ቆሙ። «አሁን ይነገረን። ሐዘንተኛው ማነው?»

ሰው ሁሉ ግድግዳው ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ ዞረ።

«ሐዘንተኛ የለም» አሉ ጋሼ ይመር። «የሞተ ሰው የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኢንስፔክሽኑ ዛሬ ነበር።»

የተፈጠረውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ራሷን የሳተች ነበረች፤ የሳቀም ነበረ፣ ሊማታ የተነሣም ነበረ። እትዬ አልማዝ ሃያ ዓመት አንቱ ያሏቸውን ሰው «አንተ!» አሉ። «አንተ በሞት ትቀልዳለህ? በእናቶቻችን ስም?»

«ሞተ አልኩ? ኑ ነው ያልኩት። ለስብሰባ ብጠራችሁ ማን ይመጣ ነበር? ለሞት ግን ትመጣላችሁ። እኔ በእናንተ የማልጠረጥረው ይሄን አንዱን ብቻ ነው።»

በዚያው ሳምንት እድሩ በድምፅ ብልጫ አስወጣቸው። ይህ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታያችሁ። ጋሼ ይመር ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ካርልተን ካሉት ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከእድር መውጣት ማለት ስትሞት የሚቀመጥልህ የለም ማለት ነው። ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሲነገራቸው ኮፍያቸውን አነሱና፣ «እኔን አስወጡኝ፤ ከቤቱ ግን እንዳትወጡ» ብለው ሄዱ።

ከቤቱ አልወጣንም። ፎቁ አፓርትመንት ሆነ፣ ምድር ቤቱ ግን የማኅበረሰብ አዳራሽ ሆኖ እንዲቀጥል ካውንስሉ ወሰነ። አመሰገንናቸው? አላመሰገንናቸውም። «ግሬግ ከላይ ቤት ሰጥቷቸዋል» ተባለ። «ካውንስሉ ከፍሏቸዋል» ተባለ። እሳቸው ዘበኝነታቸውን ቀጠሉ። ለቅሶ በተባለ ቁጥር በሩን ከፍተው፣ ወንበር ደርድረው፣ ውጭ ይቆማሉ። አይገቡም። ውሾቻቸውን ይዘው የሚወርዱት አዲሶቹ ነዋሪዎች ለቅሶው ረበሸን ብለው ሲያማርሩላቸው፣ «ከእናንተ በፊት እኛ፣ ከእኛ በፊት በጎቹ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ እናንተ አይደላችሁም» ይሏቸው ነበር።

የአፓርትመንቱ ወሬ እውነት ይሁን ውሸት ለማየት አንድ ቀን ድፎ ዳቦ ገዝቼ ካርልተን ሄድኩ። እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከስተዋል። ዳቦውን ተቀብለው ገልብጠው ሥሩን አዩ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ናፍቀውኝ ነው።»

«ያለ ላኪ የሚመጣ የለም» አሉ፤ ግን ዳቦውን ቆረሱልኝ። ሲበሉ ቆይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስሞት ትሰማላችሁ?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ! እንዴት አንሰማም?»

«ትሰማላችሁ። ታምናላችሁ ወይ ነው።»

ያን ቀን እነዚያ ሁሉን የሚፈትሹ ዓይኖች ፈርተው አየሁ፤ አሳዘኑኝ።

ሆስፒታሉ የደወለው ለእትዬ አልማዝ ነው። ጋሼ ይመር ሳያርፉ ነርሷ ማን ይጠራልዎት ብላ ስትጠይቃቸው የጠሩት የእትዬ አልማዝን ስም ነበር። እትዬ አልማዝም አላመኑም፤ ሱቃቸውን ዘግተው ሄደው በዓይናቸው አዩ። መርዶ የሚረዳ ዘመድ ስላልነበረ ወሬው እንደማንኛውም ወሬ በስልክ ተነገረ። «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጋዘኑ» ተባለ።

መጋዘኑን እንደዚያ ጠዋት ሞልቶ አይቼው አላውቅም። አምኖ የመጣ ጥቂት ነው። ሌላው ሊያጣራ ነው የመጣው። ማንም አልተቀመጠም። አንዱ ወደ ጓዳ ገብቶ ፈተሸ፣ ሌላው ደረጃውን እያየ፣ ሽማግሌው ሰደርያቸውን ለብሰው የካውንስል ሰዎች አስከትለው ከየት በኩል ብቅ እንደሚሉ ይጠብቃል። «ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው ቤቱን?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም በሩን በሩን እያየሁ ነበር፤ ይምጡና ይሳቁብን ብዬ ጸለይኩ።

እትዬ አልማዝ መሀል ለመሀል ሰውን አቋርጠው ሄዱ። የሐዘንተኛው ቦታ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ደክሟቸው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ነጠላቸውን አውርደው ዘቀዘቁት፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀርቅረው፣ «ወንድሜ» አሉ።

ያኔ አመንን። ሰው ሁሉ ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

እጄን አጥብቀው ያዙኝና «አሜን» አሉ።